መልስ፦ ጣና ጠዋት ተኝቶ ከሰዓት ለምን ይናወጣል?

ወንድሜ፣ «ጠዋት ጣና እንደ መስታወት ነው፣ ከሰዓት ግን ማዕበሉ ጀልባ ያንገላታል፤ ለምን?» ብለህ ጠይቀሃል። ዋናው ምክንያት የሙቀት ልዩነት ነው።

በባዶ እግርህ ሞክረው። ቀትር ላይ ሐይቁ ዳር ያለውን አስፋልት ብትረግጥ ያቃጥልሃል። ትንሽ ራመድ ብለህ እግርህን ውሃው ውስጥ ስትነክር ግን ይቀዘቅዛል። ፀሐይዋ ያቺው ናት። ውሃን ለማሞቅ ግን ከደረቅ አፈር ይልቅ ብዙ ሙቀት ያስፈልጋል። ብርሃኑም ወደ ውስጥ ይዘልቃል፣ ሞገዱም ያማስለዋል። ጣና ደግሞ 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እንዲህ በቀላሉ አይሞቅም።

የብሱ ላይ ያለው አየር ሲሞቅ ይቀላል፣ ሽቅብ ይወጣል። ቦታውን ለመሙላት ቀዝቀዝ ያለው የሐይቁ አየር ይገባል። ከሰዓት ፊትህን የሚመታህ ነፋስ እሱ ነው። ሌሊት ነገሩ ይገለበጣል፤ የብሱ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ነፋሱ ወደ ሐይቁ ይሄዳል። (የክረምቱ ወጀብ የዝናብ ደመና ጣጣ ነው፤ እሱ ሌላ ጉዳይ።)

ወደ ገዳማቱ የምትሄድ ከሆነ በጠዋት ውጣ። እኔ አንዴ በዘጠኝ ሰዓት ከዘጌ ስመለስ ሸሚዜ ተጨምቆ ነው ቤት የገባሁት።