ሀዲድ አጠገብ ቤት ልከራይ ወይ ላልሽው እህት

እህቴ፣ ኮምቦልቻ ሀዲዱ ስር ሁለት ክፍል ቤት በደህና ዋጋ አግኝቻለሁ፣ ባቡሩ ስራ ሲጀምር ለልጆቼ አያሰጋም ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። ኮመንት ላይ ሁሉም ስለ ድምፁ ነው የሚያወራው፣ ለድምፁ አብሽሪ ትለምጂዋለሽ። እኔ ሌላ ነገር ልንገርሽ።

እዚህ ኮምቦልቻ ከመምጣቴ በፊት አዋሽ ሰባት ሶስት አመት ኖሬያለሁ፣ የኛው የኮምቦልቻ ሀዲድ ከአዲስ አበባ ጅቡቲው መስመር የሚነሳበት ማለት ነው። አንድ ቀን ከሰአት ልብስ እያሰጣሁ ባቡሩ ጡሩምባውን ሳያቋርጥ ሲነፋ ሰማሁ፣ ወዲያው አንድ ድምፅ መጣ ወላሂ መሬቱ ነው የተንቀጠቀጠው፣ ልጄን አፈፍ አድርጌ ነው የሮጥኩት። ለካ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ሳይደርስብኝ ልለፍ ብሎ ሀዲዱ ላይ ገብቶ ባቡሩ የኋላውን መትቶ ገልብጦታል። ሹፌሩም ረዳቱም በህይወት ወጡ አልሀምዱሊላህ፣ የረዳቱ ጩኸት ግን እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ጎረቤቴ የነበሩ ትልቅ እናት ከደጃፋቸው መነሳት አቃታቸው፣ "የሰባ ሰባቱ መጣ፣ የሰባ ሰባቱ" ይላሉ። ጥር 1977 እዛው አዋሽ ድልድዩ ላይ ባቡር ከሀዲድ ወጥቶ ገደል ገብቶ ከ400 በላይ ሰው አልቋል፣ እሳቸው ሬሳ ሲወጣ አይተዋል። እጃቸውን ይዤ ቁጭ አልኩ፣ ምን ልበላቸው?

የዛን ቀን በጣም የተናደድኩት ባቡሩ ሳይቆም መሄዱ ነበር፣ ሰው ገጭቶ ጥሎ ሄደ ብዬ ተሳድቤያለሁ። በኋላ ሀዲድ ላይ የሚሰራ ጎረቤት ሲነግረኝ ነው የገባኝ፣ ፍሬኑን ገና ከሩቅ ይዞታል፣ የተጫነ ባቡር በ80 እየመጣ ለመቆም አንድ ኪሎ ሜትር አካባቢ ይፈልጋል። እኛ ደግሞ የለመድነው ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሀረጎን ዳገት መኪና ነው፣ ሹፌሩ ካየሽ ወይ ይይዛል ወይ ይጠመዝዛል። ባቡር የት ይጠመዝዛል?

ከግጭቱ በላይ ያስደነገጠኝ ግን ከሱ በኋላ የሆነው ነው። የሰፈሩ ልጆች የተበተነውን ሽንኩርት ሊለቅሙ ግር ብለው ሲሮጡ ያ ጎረቤቴ "ሽቦ! ሽቦ! እንዳትጠጉ!" እያለ እንደ እብድ ሲጮህ ነበር። ከሀዲዱ በላይ የተዘረጋው፣ ለባቡሩ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ሽቦ 25 ሺህ ቮልት ነው፣ ከተበጠሰ መንካት እንኳን አያስፈልግም፣ መጠጋቱ ብቻ ይገላል። ደግነቱ አልተበጠሰም።

አሁን ወደኛ ልምጣ። ሀዲዳችን ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልድያ አጠገብ እስካለው ሀራ ገበያ 392 ኪሎ ሜትር ነው፣ ስራው የተጀመረው በ2007፣ ያው እንደ አዋሹ በኤሌክትሪክ እንዲሄድ ነው የተሰራው። እስካሁን መደበኛ ባቡር ስላልተመላለሰበት ግን ሰዉ የእግር መንገድ አድርጎታል፣ ፍየል ይነዳበታል፣ ልጆች ብረቱ ላይ ተቀምጠው ያጠናሉ። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም አዋሽ ያለ ልጅ ባቡር እያየ ነው ያደገው፣ የኛ ልጆች ግን ሀዲድ ማለት የማይንቀሳቀስ ነገር ይመስላቸዋል።

ስለዚህ ከመክፈልሽ በፊት የልጆችሽ ትምህርት ቤት በየት በኩል እንደሆነ እይ። ከሀዲዱ ማዶ ከሆነና በድልድይ ወይ በስር የሚያልፉበት መንገድ ከሌለ በነፃም ቢሰጡሽ አትግቢ። በቤቱ በኩል ከሆነና በሩ ወደ መንገድ የሚከፈት አጥር ካለው ግን ግቢ፣ እኔም እንደዛ ያለ ቤት ነው ያለሁት። ሰፈሩን ኢንቦክስ አድርጊልኝ፣ ቅዳሜ አብሬሽ ሄጄ አየዋለሁ።