ከመጋረጃው በፊት ፍሬኑ

ልጆቼ፣

ባለፈው ቅዳሜ ሁለት ወጣቶች አንድ አሮጌ ሚኒባስ እየነዱ ጋራዤ መጡ። ከዶልፊን በፊት የነበረው ቶዮታ ሃይኤስ ነው። ገንዘብ አዋጥተው ነው የገዙት። ጣናን ዙሪያውን ሊያዩበት፣ ጎርጎራ ሄደው ሊያድሩበት፣ እንግዳ ሲመጣ ጢስ ዓባይ ሊወስዱበት አስበዋል። «ጋሼ፣ የሚታጠፍ አልጋ ልናሠራለት ነው። ጣሪያው ላይ የውሃ ታንከርና ሶላር እንሰቅላለን። መጋረጃም ታዝዟል» አሉኝ። ዓይናቸው ያበራ ነበር። እውነት ለመናገር እኔም አብሬያቸው ደስ አለኝ። አገሩን ማየት የሚፈልግ ወጣት ደስ ይለኛል።

ከዚያ ጎንበስ ብዬ ከሥር አየሁት። የግራ የኋላ ጎማ ውስጡ በፍሬን ዘይት ርሷል። ልጆቹ ይህን አላዩም። መጋረጃ ማዘዛቸው ትዝ ሲለኝ ነው የደነገጥኩት። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

በ1991 ዓ.ም. እኔም እንዲህ ያለ አሮጌ መኪና ነበረኝ። ክረምቱን በሙሉ ሳሳምረው ከረምኩ። ቀለም ቀባሁት፣ ወንበሩን አለበስኩት፣ ቴፕ አስገባሁለት። መጋረጃውን ባለቤቴ በገዛ እጇ ሰፋችው። መስከረም ላይ እሷንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ወደ አዲስ አበባ ጉዞ ጀመርን። ደጀንን አልፈን ዓባይ በረሃን መውረድ ጀመርን። ከደጀን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ያኔ አዲሱ ድልድይ አልተሠራም፣ ሁሉም መኪና በአሮጌው ነበር የሚያልፈው።

እኔ ደግሞ መካኒክ ነኝ ብዬ ተማምኜ በሦስተኛ ማርሽ፣ ፍሬን እየረገጥኩ እወርዳለሁ። ግማሽ መንገድ ላይ ፔዳሉ ለሰለሰ። ደግሜ ስረግጠው ወለሉን ነካ። ምንም የለም። በግድ ወደ ሁለተኛ፣ ከዚያ ወደ አንደኛ አወረድኩት። ሞተሩ ጮኸ። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ። የመኪናውን ጎን ከተራራው ጥግ ጋር እያሻሸሁ፣ አንድ የአፈር ቁልል ላይ ቆመ። ዞር ስል ባለቤቴ መጋረጃውን ከሐዲዱ ነቅላ የልጆቹን ፊት ሸፍናበታለች። ገደሉን እንዳያዩት።

ሰዓት ያህል ቆይተን ፔዳሉን ስረግጠው መልሶ ጠንክሯል። ዘይት አልፈሰሰም፣ የተበጠሰ ቱቦም የለም። ታዲያ ምን ነበር? የፍሬን ዘይት ውሃ ይጠጣል። ተፈጥሮው ነው፣ ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው አዲሱ ዘይት የሚፈላው ከ205 ዲግሪ በላይ ነው። ውሃ ሲጠጣ ግን እስከ 140 ድረስ ይወርዳል። ረዥም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲረገጥ ደግሞ የፍሬኑ ሸራና ሲሊንደር በጣም ይግላሉ። ዘይቱ ይፈላል፣ አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ደግሞ ይታመቃል እንጂ አይገፋም። ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ዘይት ይሆናል። ለዚህ ነው ፔዳሉ የተመለሰው። እኔ ያንን ዘይት መኪናውን ከገዛሁ ጀምሮ አልቀየርኩትም ነበር። ገንዘቡ ለቀለምና ለቴፕ ወጥቷል።

ስለዚህ መኪና ስትገዙ የመጀመሪያው ብር ወደ ታች ይሂድ። አራቱንም ጎማ አውርዱ። የኋላው ከበሮ ውስጥ ሸራው ስንት ቀርቶታል? ሲሊንደሩ ያልባል? የጎማ ቱቦዎቹ ተሰነጣጥቀዋል? ዘይቱን በሙሉ አውጥታችሁ አዲስ ሙሉ፣ አየሩን አስወጡ። ከዚያ በየሁለት ዓመቱ ቀይሩት። ጣና ዳር የምንኖር ሰዎች ነን፣ እርጥበት አይጠፋንም። ቁልቁለት ስትወርዱ ደግሞ ከመጀመሪያው ማርሽ አሳንሱ፣ ሞተሩ ይያዛችሁ። ፍሬኑን ለመቆሚያ ጠብቁት።

እግረ መንገዴን ስለ ጎማ ልበል። ጎኑ ላይ አራት ቁጥር የያዘ ትንሽ ሳጥን አለ። 2318 ካለ እንደ ፈረንጆቹ በ2018 23ኛ ሳምንት ላይ የተመረተ ነው ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ የሆነ ጎማ አርጅቶ ሊሆን ይችላል። «ያልተነዳ ነው» ቢሏችሁም ቁጥሩን አንብቡ።

እኔ ባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ፣ ፖሊ የምንለው ጋ ነው የተማርኩት። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተው ማለቴ ነው። ፖሊ ሐሳቡን ሰጠኝ። እጄን ያስተማረኝ ግን አስመራ ጋራዥ ውስጥ ያደገ አለቃዬ ነው። ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል)፣ ባሌስትራ (ሞላ)፣ ፍሪሲዮን (ክላች)፣ ኩሽኔታ (ቤሪንግ) የምንላቸው ቃላት ከጣሊያን እንደመጡ የነገረኝም እሱ ነው። የእሱ አመል አንድ ነበር። መኪና ሲመጣለት ቁልፍ አያነሳም። መጀመሪያ ተሳፍሮ ይዞራል። ጆሮውን ይሰጣል። «ሳታውቀው አትፍታው» ይለኝ ነበር። አሁን ልጆች ሲፈቱ አያለሁ፣ ግማሹን ብሎን የት እንዳስቀመጡት ሳያውቁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለዚህ ነው።

እናንተም እንደ እሱ አድርጉ። የገዛችሁትን መኪና ወዲያው ጎንደር አትውሰዱት። መጀመሪያ ወደ ዘጌ፣ ቀጥሎ ጢስ ዓባይ ሄዳችሁ ተመለሱ። ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ያ መንገድ የላላውን ሁሉ ያንኳኳዋል። ስትመለሱ ደብተር ላይ ጻፉ፦ ምን ጮኸ፣ መቼ ጮኸ፣ ዳገት ላይ ነው ወይስ ሲታጠፍ፣ ስንት ውሃ ጎደለ፣ ስንት ዘይት ጎደለ። አንድ ነገር ጠግኑ፣ እንደገና ሂዱ። አራት ነገር አንድ ላይ ከቀየራችሁ፣ አዲስ ድምፅ ሲመጣ ከየትኛው እንደመጣ አታውቁም።

ከፍሬን ቀጥሎ እኔን የሚያሳስበኝ ሙቀት ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ክፍት ድስት ላይ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ በ100 አይደለም። ሞተራችሁ ደግሞ ደህና ሲሠራ ራሱ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ድረስ ነው። ልዩነቱ ስንት እንደቀረ አያችሁ? ያን የሚጠብቀው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ግፊት አፍኖ የመፍያውን ነጥብ ከፍ ያደርገዋል። ጎማው የደረቀ ክዳን ግፊት አይዝም። ወደ ጎንደር ስትሄዱ ከአዲስ ዘመን ከተማ በኋላ ያለውን ዳገት መኪናው ሲጀምር ውሃው ይፈላል፣ ቴስታታው ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። በዋጋ ትንሽ የሆነው ክዳን ሞተሩን ይዞት ይሄዳል። ስንቱን እንዲህ ከፍቼ አይቻለሁ።

የእነዚህ መኪኖች ሞተር ከፊት ወንበር ሥር ነው። ሲግል እግራችሁ ቀድሞ ያውቃል። ቆሙ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ጠብቁ። የጋለ ክዳን በፍጹም አትክፈቱ። ራዲያተር ውስጥም ከጣና የተቀዳ ውሃ አትጨምሩ፣ ደለሉ ከሥር ይተኛል፣ ቱቦውን ይደፍናል። ኩላንት፣ ማለትም የራዲያተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ ግዙ። የዘይት ክዳኑን ስትከፍቱ ወተት የመሰለ ነገር ካያችሁ ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል፣ ጋርኒሲዮኑ፣ ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ፣ አልቋል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን መኪና ዋጋው ቢረክስም አትግዙ።

ታይሚንግ ቺንጋውን፣ ቫልቩንና ፒስተኑን የሚያስማማውን ቀበቶ፣ ደግሞ ያለ ክርክር ቀይሩት። የቶዮታ 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል ናፍጣ ሞተሮች ቺንጋቸው በ100,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይቀየራል። ሲበጠስ ቫልቩና ፒስተኑ ይጋጫሉ። ያገለገለ መኪና ላይ ያለውን የኪሎ ሜትር ቁጥር ደግሞ ማን ያምናል? ስትገዙ ዜሮ ብላችሁ ጀምሩ። ነዳጅ ሲጠፋና ከጄሪካን ስትቀዱም የናፍጣ ፊልትሮውን የውሃ ማውጫ ቶሎ ቶሎ ክፈቱት። ጄሪካን ውስጥ ውሃ አይጠፋም።

አሁን ወደ ዝገቱ። ብዙዎች የጣና ዳር አየር ነው የሚያዝገው ይላሉ። ጣና ጨዋማ አይደለም። የሚያዝገው የሚገባውና የማይወጣው ውሃ ነው። የፊት መስታወቱ ጎማ ሲደርቅ የክረምቱ ዝናብ ይገባል፣ ወለሉ ላይ ከተነጠፈው ፕላስቲክ ሥር ተኝቶ ወር ይከርማል። ፕላስቲኩን አንሱት። ሳታነሱት አልጋ አትሥሩ። ከጎን ደግሞ ማግኔት ይዛችሁ ዙሩ። ማግኔቱ የማይይዝበት ቦታ ሥሩ ስቱኮ፣ ቀዳዳ መድፈኛ ልጥፍ፣ ነው። ስቱኮ ላሜራ አይደለም። የበላውን ቆርጣችሁ ጥሉ፣ አዲስ ላሜራ አስበይዱ፣ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ) ቀቡ፣ ከውስጥም ከውጭም። ሲበየድ የባትሪውን ገመድ ንቀሉ፣ ከነዳጅ ታንኩም አርቁ። ይህ ሥራ አሰልቺ ነው፣ ለእንግዳም አይታይም። እኔ ግን መኪናን የሚወድ ሰው የማውቀው ወለሉን ሲያነሳ ነው።

ይህ ሁሉ ሲያልቅ ማሳመሩ ይምጣ። አልቃወምም። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ መሆኑን ግን አትርሱ። 100 ሊትር ጣሪያ ላይ ስትሰቅሉ አንድ ኩንታል ሰቅላችኋል። ይህ መኪና ረዥምና ጠባብ ነው፣ ኩርባ ላይ ጭንቅላቱ ይከብደዋል። ታንከሩን ከውስጥ፣ ከወለሉ አጠገብ፣ በኋላው አክስል ፊት አድርጉት። ጣሪያው ለሶላር ይበቃል። የቤቱን መብራትና ፍሪጅ ለብቻው ባትሪ ስጡት፣ ሞተሩን የሚያስነሳውን የሞተሪኖውን ባትሪ አትንኩበት፣ አለዚያ ጎርጎራ ላይ ጠዋት ትገፋላችሁ። ከባትሪው የሚወጣው ገመድ ሁሉ እዚያው ባትሪው አጠገብ ፊውዝ ይኑረው። ገመድ በላሜራ ቀዳዳ ሲያልፍ ጎማ አልብሱት። መንቀጥቀጥ ቀስ ብሎ ይላጠዋል፣ ከዚያ ሰዎች ተኝተው እያለ እሳት ይነሳል። የምግብ ማብሰያ ጋዝም ከአየር ይከብዳል፣ ከፈሰሰ ወለል ላይ ይተኛል። ስለዚህ መውጫ ቀዳዳው ከታች ይሁን። ጋዝ ለኩሳችሁ፣ በር ዘግታችሁ አትተኙ። ይህን በጣም አደራ።

ወንበር ስትነቅሉ ወይም ስትጨምሩ ቀድማችሁ መንገድ ትራንስፖርት ጠይቁ። ሊብሬው ላይ ያለውና መኪናው ውስጥ ያለው ይግጠም።

አንድ ነገር ደግሞ ልለምናችሁ። መኪናችሁን ጣና ወይም ዓባይ ውስጥ አስገብታችሁ አትጠቡ። ሁሉም እንደሚያደርገው አውቃለሁ፣ እኔም ልጅ ሆኜ አድርጌዋለሁ። ጣና ውስጥ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎች አሉ። እምቦጩ አልበቃ ብሎ የእኛ ዘይት ሊጨመርባቸው አይገባም። የተቃጠለውን ዘይት በጄሪካን አጠራቅሙ፣ የቤት ግንባታ ላይ ለፎርም ጣውላ የሚፈልጉት ሰዎች አሉ። ይህን ሐይቅ ልታዩበት ነው መኪናውን የገዛችሁት።

ለሁለቱ ልጆች ቅዳሜ ጠዋት ቀጠሮ ሰጥቻቸዋለሁ። አራቱንም ጎማ እናወርዳለን። ሁለት ጠርሙስ የፍሬን ዘይትና አዲስ የራዲያተር ክዳን ይዘው ይመጣሉ። አልጋውን የሚሠራላቸውን አናጺም አምጡት ብያለሁ። ወለሉ ሲነሳ ይይና ከዚያ ይለካ።