ፎቶ የሚጎላው ስካን ሲደረግ ነው

«የአባቴ ሙት ዓመት እየደረሰ ነው። ከእሱ የቀረን አንድ ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው፤ ከድሮ መታወቂያው ላይ የተነሳ፣ 3 በ4 ሴንቲ ሜትር የሆነ። ፎቶ ኮፒ ቤት ስካን አስደርጌው ላፕቶፔ ላይ ሳጎላው ፊቱ በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ተበታተነብኝ። ፍሬም ውስጥ የሚገባ ትልቅ ፎቶ እንዲወጣለት እፈልጋለሁ። ምን ላድርግ?»
አንባቢ፣ ከደሴ

ነፍሳቸውን ይማር፣ እህቴ። ፎቶው ተስፋ አለው፣ እንዳትተዪው። ችግሩ ያለው ላፕቶፑ ላይ ሳይሆን ስካኑ ላይ ነው። የፎቶ ኮፒ ቤት ማሽን ብዙ ጊዜ የተስተካከለው ለሰነድ ነው፤ በ200 ወይም በ300 ዲፒአይ ያነባል፣ ለደብዳቤና ለማስረጃ ደግሞ ይኼ በቂ ነው። ዲፒአይ የሚባለው ስካነሩ በአንድ ኢንች (በ2.54 ሴንቲ ሜትር) ውስጥ ስንት ነጥብ እንደሚያነብ የሚነግረን ቁጥር ነው። አሁን የአባትሽን ፎቶ እናስላው። 3 ሴንቲ ሜትሩ በ300 ሲነበብ 354 ፒክስል (የምስሉ ነጥብ) ይሆናል፣ 4 ሴንቲ ሜትሩ 472። ይህንን በ18 በ24 ሴንቲ ሜትር ወረቀት ላይ ሲያትሙት ለአንድ ኢንች የሚደርሰው 50 ፒክስል ብቻ ነው። ያየሻቸው አራት ማዕዘኖች እነሱ ናቸው። ስካነሩ ያላነበበውን ነገር ኮምፒውተሩ ከየትም አያመጣልሽም።

ያው ፎቶ በ1200 ዲፒአይ ቢነበብ ግን 1417 በ1890 ፒክስል ይወጣዋል። በ18 በ24 ሲታተም ለኢንች 200 ይደርሰዋል፣ ጠረጴዛ ላይ ቆሞ ትንሽ ራቅ ተብሎ ለሚታይ ፎቶ ይኼ ደህና ነው። በጣም ጥርት ያለ ነገር ከፈለግሽ ለኢንች 300 ፒክስል እንዲደርሰው አሳትሚው፤ መጠኑ ያኔ 12 በ16 ይሆናል።

ስለዚህ ፎቶውን ይዘሽ ተመለሺና «በ1200 አንሱልኝ፣ በሰነድ ሳይሆን በፎቶ፣ በከለር» በያቸው። ጥቁርና ነጭም ቢሆን በከለር ይሁን፤ ፎቶው ቢጫ ነጠብጣብ ካለበት፣ በኋላ ለማጥፋት ይቀላል። ፋይሉን ጥራት በማይቀንሱት የፋይል ዓይነቶች፣ በቲፍ ወይም በፒኤንጂ አስቀምጠው በፍላሽ ይስጡሽ። መስታወቱ መጀመሪያ ይወልወል፤ በ1200 ሲነበብ አንዲት አቧራ ፊት ላይ ትልቅ ነጥብ ሆና ትመጣለች። ፎቶውን ራሱን ግን በእርጥብ ጨርቅ እንዳትነኪው፣ በለስላሳ ብሩሽ ብቻ አራግፊው።

አንድ ነገር ጠይቂ፦ የማሽኑ ኦፕቲካል አቅም ስንት ነው? አንዳንዱ ስካነር በእውነት የሚያነበው እስከ 600 ብቻ ሆኖ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ቁጥር በግምት እየሞላ ያሳያል። ማሽኑ 600 ብቻ ከሆነ የሚያምርልሽ መጠን 9 በ12 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። እኔ ብሆን ያኔ ፊቱን ለጥጬ ከማደብዘዝ ይልቅ 9 በ12 አሳትሜ በትልቅ ፍሬም ውስጥ ዙሪያውን ሰፊ ነጭ ዳር እተውለት ነበር። ሰው ከሩቅ የሚያየው የፍሬሙን ትልቅነት ነው፣ ቀርቦ የሚያየው ደግሞ ጥርት ያለውን ፊት።

መጠኑን ትንሽ መጨመር ካስፈለገ ጂምፕ የሚባለውን የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም በነፃ አውርጂ። «ኢሜጅ» ውስጥ «ስኬል ኢሜጅ» የሚል አለ፤ እዚያ «ኢንተርፖሌሽን» የሚለውን «ነን» ላይ አትተዪው፣ «ኖሄሎ» ወይም «ኪዩቢክ» አድርጊው። ከዚያ በ«ሻርፕን» ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ሹል አድርጊው። ፀጉሩ ዙሪያ ነጭ መስመር ካየሽ በዝቷል ማለት ነው፣ መልሺው።

በኤአይ ስለሚያጎሉት ፕሮግራሞችም መናገር አለብኝ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚነግርሽ ስለ እነሱ ነው። ልብስና ግድግዳ ጥሩ አድርገው ያጠራሉ። ፊት ላይ ግን አላምናቸውም። የጠፋውን ዝርዝር ከሌሎች ብዙ ፊቶች ከተማሩት እየገመቱ ነው የሚሞሉት፣ ስለዚህ ቆዳው ልስልስ፣ ዓይኑ ብሩህ ይሆንና ሰውዬው ሌላ ሰው ይሆናል። ከሞከርሽው ከመታተሙ በፊት ለእናትሽ ወይም ለአክስትሽ አሳዪያቸው። «ይመስላል ግን…» ካሉሽ ተዪው። ትንሽ የደበዘዘ የአባትሽ ፊት ይሻላል።

«ወንድሜ የወላጆቻችንን የሠርግ ፎቶ ከጎንደር በቴሌግራም ላከልኝ። 10 በ15 ነው፣ ሰው የሞላበት። ሙሽሮቹን ብቻ ቆርጬ 20 በ25 ላሳትም ብዬ ማተሚያ ቤት ሰጠሁ፤ ፎቶው ደብዛዛ ከመሆኑም በላይ የአባቴ ባርኔጣ ተቆርጦ መጣ። የት ላይ ነው የተበላሸው?»
አንባቢ፣ ከቨርጂንያ

ሁለት ቦታ ነው፣ ወንድሜ። የመጀመሪያው ቴሌግራም ነው። እንደ ፎቶ ሲላክ መጠኑን ይቀንሰዋል። ወንድምህ እንደ ፋይል ይላክልህ፤ ያኔ ምንም ሳይነካው ይደርሳል። ዋትስአፕም ከሆነ እንደ ዶክመንት ይሁን።

ባርኔጣውን የቆረጠው ደግሞ የጎኖቹ ምጣኔ ነው። 10 በ15 ማለት 2 ለ3 ነው፣ 20 በ25 ግን 4 ለ5። 2 ለ3 የሆነን ፎቶ ወርዱን 20 ካደረግከው ቁመቱ 30 ይሆናል፣ ወረቀቱ ግን 25 ነው፤ ትርፉ 5 ሴንቲ ሜትር ከላይ ወይም ከታች መሄዱ ነው። አንተ የቆረጥከው ቁራጭም 4 ለ5 ስላልነበረ ማተሚያው በራሱ ቆረጠው። ስለዚህ ራስህ ቁረጠው። ጂምፕ ላይ ሺፍትና ሲ ስትጫን የመከርከሚያው መሣሪያ ይመጣል፤ «ፊክስድ» የሚለውን ምልክት አድርገህ «አስፔክት ሬሾ» ምረጥና 4:5 ብለህ ጻፍ። ከዚያ በኋላ ሳጥኑን እንዴት ብትጎትተው ልኩን አይለቅም። ከጭንቅላት በላይ አየር ተው፤ ፍሬሙ ራሱ ዳር ዳሩን ትንሽ ይሸፍናል።

ሙሽሮቹ በፎቶው ላይ የያዙት ቦታ 4 በ5 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። በ600 ከተነበበ 945 በ1181 ፒክስል ነው ያለህ፣ በ20 በ25 ላይ ለኢንች 120 ይደርሳል፣ ይኼ ያንሳል። በ1200 ከተነበበ 240 ይሆናል። ወንድምህ እንደገና ስካን ያድርገው፣ ፎቶው እጁ ላይ እያለ።

ደግሞ እባክህ ኮፒው ላይ ብቻ ቁረጥ። ዋናው ፋይል ከነነጭ ዳሩ፣ ከነፎቶ ቤቱ ማህተም፣ ዳር ላይ ከቆሙት ሚዜዎችና ጎረቤቶች ጋር ሳይነካ ይቀመጥ። ዛሬ ለአንተ ትርፍ የሆነው ልጅ ለሌላ ቤት ብቸኛው የእናታቸው የልጅነት ፎቶ ሊሆን ይችላል። ጀርባው ላይ ጽሑፍ ካለም ጀርባውም ስካን ይደረግ፤ ቀንና ስም ያለው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

«ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ስካነሩ የራሴ ነው፣ በ1200 ነው የማነሳው። ሆኖም የድሮዎቹ ፎቶዎች ወረቀታቸው ሸካራ ስለሆነ ሳጎላቸው ፊቱ በሙሉ የማር እንጀራ የመሰለ ነጥብ ነጥብ ይሞላበታል።»
አንባቢ፣ ከጅማ

ጋሼ፣ ያ ነጥብ ጥላ ነው። የስካነሩ መብራት ከአንድ ጎን ስለሚመጣ እያንዳንዷ እብጠት ጥላ ትጥላለች። ፎቶውን አንዴ ያንሱት፣ ከዚያ መስታወቱ ላይ 180 ዲግሪ አዙረው በዚያው ቁጥር ደግመው ያንሱት። ሁለተኛውን ኮምፒውተር ላይ መልሰው ያቅኑትና ጂምፕ ውስጥ እንደ ሌየር (እንደ ንብርብር) ከመጀመሪያው በላይ ያስቀምጡት፣ የታችኛው በከፊል እንዲታይ «ኦፓሲቲ» 50 ያድርጉት። ጥላዎቹ ተቃራኒ ስለሆኑ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። ዓይን በዓይን ላይ እስኪገጥም ሌየሩን ቀስ ብለው በቀስት ቁልፎች ያንቀሳቅሱት፤ ሥራው ትዕግስት የሚጠይቀው እዚህ ላይ ነው። ነጥቡ ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ይችላል፣ ግን ፊቱ ይወጣል። እንዲህ ዓይነት ፎቶ ላይ ሹል የማድረጉን ሥራ አይሞክሩት፣ ነጥቡን መልሶ ይቀሰቅሰዋል።

«ጄፔግ በተከፈተ ቁጥር ጥራቱ ይቀንሳል የሚሉት እውነት ነው?»
አንባቢ፣ ከአዳማ

በመክፈትና ኮፒ በማድረግ አይቀንስም። የሚቀንሰው አስተካክለሽ እንደገና በጄፔግ ሴቭ ስታደርጊው ነው። ሥራው እስኪያልቅ በጂምፕ የራሱ ፋይል፣ በኤክስሲኤፍ አስቀምጪው፤ ጄፔጉን ማተሚያ ቤት ልትወስጂው ስትይ አንዴ አውጪ።