በ«ኦማ» የሚያልቅ ሁሉ ካንሰር ነው ወይ?

እህቴ፣ የእናትሽ የማሕፀን ናሙና ውጤት «ሌዮማዮማ» እንደሚል ገልጸሽ «በኦማ የሚያልቅ ሁሉ ካንሰር ነው ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። አይደለም። ወረቀቱ ሌላ ቃል ካልጨመረበት የእናትሽም ካንሰር አይደለም፤ ከማሕፀን ለስላሳ ጡንቻ የሚነሣ፣ በአጭሩ ማዮማ የሚባል ዕጢ ነው።

በፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ናሙና ስቆርጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ውጤቱን ተቀብሎ እዚያው በር ላይ የሚያነብ ሰው ፊቱ የሚለወጠው የቃሉ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ነው። «ኦማ» ግን ከግሪክኛ የመጣ ቅጥያ ሲሆን በሕክምና እብጠት ወይም ዕድገት ከማለት አያልፍም። ቁም ነገሩ ያለው ከፊቱ ነው፦ ሊፖማ ከስብ፣ ኦስቲኦማ ከአጥንት። ሄማቶማ ደግሞ ጭራሽ ዕጢ አይደለም፤ የተጠራቀመ ደም ነው።

ሊፖማ ሲከፈል ቢጫና ልስልስ ነው፤ ምላጩን ቅባት ያለብሰዋል። ብዙውን ጊዜ ስስ ሽፋን ስለሚይዘው ከአካባቢው ሥጋ ተፈልቅቆ ይወጣል። ካንሰር እንዲህ አይታዘዝም፤ ጠርዙ የት እንዳበቃ ሳይለይ ጎረቤቱን ሰርስሮ ይገባል። የጥንት ግሪኮች በሸርጣን ስም «ካርኪኖስ» ብለውታል፤ ካርሲኖማ የመጣው ከዚያ ነው። ቆዳንና የውስጥ አካላትን ከሚሸፍኑ ሕዋሳት የሚነሣው ካንሰር ካርሲኖማ፣ ከጡንቻ፣ ከስብ ወይም ከአጥንት የሚነሣው ሳርኮማ ይባላል። በእናትሽ ወረቀት ላይ ሌዮማዮሳርኮማ የሚል ቢሆን ኖሮ ጨዋታው ሌላ ነበር።

የሚያናድደኝ አንዳንድ ክፉዎች የየዋህ ስም መያዛቸው ነው። ሜላኖማ (ቀለም ከሚሠሩ የቆዳ ሕዋሳት የሚነሣው)፣ ሊምፎማ (ከሊምፍ ሕዋሳት የሚነሣው) እና ማዬሎማ (ከመቅኒ ሕዋሳት የሚነሣው) ካንሰር ናቸው። አንድ ጎልማሳ «ከዚህ በፊትም ሊፖማ አስወጥቻለሁ፤ ይህም ያው ነው» ብለው ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ሲከቱ ትዝ ይለኛል። የተጻፈው ሜላኖማ ነበር። ውጤት ማስረዳት የእኔ ሥራ ስላልነበረ «ዛሬውኑ ለሐኪምዎ ሳያሳዩ እንዳያድሩ» ከማለት ሌላ አልተናገርኩም፤ ወደ ሐኪሙ ክፍል እስኪታጠፉ ግን ከበሩ አልተንቀሳቀስኩም።

አማርኛችንም አያግዘንም። «ዕጢ» ጤነኛው የታይሮይድ ዕጢም ነው፣ በሽታ የሆነው እብጠትም ነው። «ነቀርሳ» ካንሰር ነው እንላለን፤ «የሳንባ ነቀርሳ» ስንል ደግሞ በባክቴሪያ የሚመጣው ቲቢ ይሆናል። ስለዚህ «ዕጢ አለ» ከተባላችሁ የትኛውን ማለታቸው እንደሆነ ጠይቁ።

ካንሰር አይደለም ማለት ግን አይጎዳም ማለት አይደለም። ከአንጎል ሽፋን የሚነሣው ሜኒንጂኦማ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር ባይሆንም የራስ ቅል አይሰፋለትምና አንጎልን ይጫናል። የእናትሽ ማዮማ ገና ካልወጣ መጠኑን ብቻ ሳይሆን ያለበትንም ቦታ አጣሩ፤ ወደ ማሕፀኑ ክፍተት የገባ ማዮማ ትንሽ ሆኖ ሳለ ብዙ ደም ሊያፈስስ ይችላል፤ ወደ ውጭ ያደገው ደግሞ ደም ሳያፈስስ ፊኛን ተጭኖ ሽንት ቶሎ ቶሎ ሊያስመጣ ይችላል።