የሩስፖሊ ቱራኮ ሾላውን ለምን ጥሎ ይሄዳል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ከአሬሮ ደን ብዙም በማይርቅ መንደር ነው። በማሳችን ዳር ያለው ትልቅ ሾላ ፍሬው ሲበስል፣ ነጣ ያለ ጉትዬ ያለውና ክንፉን ሲዘረጋ ደማቅ ቀይ የሚያሳይ አረንጓዴ ወፍ ይመጣና ጥቂት ቀናት ሰንብቶ ይጠፋል። በሌላው ጊዜ ምን በልቶ ይኖራል? ሙዝ ወይም እንጀራ ብናስቀምጥለትስ ይለምደን ይሆን?
ከቦረና፣ የዘወትር አንባቢያችሁ

መልስ፦ የገለጹልን ወፍ የሩስፖሊ ቱራኮ ነው፤ ከደቡብ ኢትዮጵያ በቀር በየትኛውም የዓለም ክፍል አይገኝም። ስያሜው የኢጣሊያዊው መስፍን የኤውጄኒዮ ሩስፖሊ ነው። ሩስፖሊ ወፉን ከየት እንዳገኘው ሳያስታውቅ እ.ኤ.አ. በ1893 በዝሆን ስለተገደለ፣ መኖሪያው በ1940ዎቹ መጀመሪያ እዚያው አሬሮ ላይ እስኪደረስበት ድረስ ለሳይንስ ምስጢር ሆኖ ቆይቷል። ስለ አኗኗሩ የተጻፈው ዛሬም ጥቂት መሆኑ ያሳዝናል።

ዋናው ምግቡ ፍራፍሬ ነው። የሾላና የዋርካ ዘመዶች፣ የዝግባና የጽድ ፍሬ ሁሉ ማዕዱ ናቸው፤ እንደ ሌሎቹ ቱራኮዎችም እምቡጥ፣ አበባና ለጋ ቅጠል ይቀጥፋል። ሲመገብ ልብ ብለው ይመልከቱት፤ ከዛፍ ወደ ዛፍ በሚበርበት ጊዜ የሚከብደው ይህ ወፍ፣ ቅርንጫፍ ላይ ካረፈ በኋላ ግን እየሮጠና እየዘለለ እስከ ቀጭኑ ጫፍ ይደርሳል። የውጭኛውን ጣቱን ወደፊትም ወደኋላም ማዞር ስለሚችል ቅርንጫፉን እንደፈለገ ይጨብጣል። ፍሬውን ነቅሎ ብዙውን ጊዜ ሳያደቅ ይውጠዋል፤ ሥጋው በሆዱ ይቀርና ዘሩ ሌላ ቦታ ከኩሱ ጋር ይወድቃል። በዚህ ምክንያት ወፉ የደኑ ተመጋቢ ብቻ ሳይሆን ዘሪም ነው። ያዩት የክንፉ ቀይ ቀለም እንኳ መዳብ ያለበት ነው፤ መዳቡም የሚገኘው ከዚሁ ከሚበላው ነገር ነው።

ጥሎዎት የሚሄደው እንግዲህ ሾላው ስላለቀበት ነው። አንድ ሾላ ፍሬውን በአንድ ጊዜ ያበስላል፤ ጎረቤቱ ያለው ሾላ ግን በሌላ ወር ሊያፈራ ይችላል። ይህም የሆነው አበባውን የሚያራክቡለት ጥቃቅን ተርቦች ዓመቱን ሙሉ ማረፊያ ስለሚያስፈልጋቸው ነው። ስለዚህ ወፉ የሚኖረው በአንድ ዛፍ ሳይሆን፣ ተራ በተራ በሚያፈሩ በርካታ ዛፎች ነው። ጽድና ዝግባ ደግሞ ወንዴና ሴቴ ዛፍ አላቸው፤ ፍሬ የምትሰጠው ሴቴዋ ብቻ ስለሆነች፣ ደኑ ከሩቅ ሲያዩት ሙሉ መስሎ ሳለ ያረጁ ሴቴ ዛፎች ተመርጠው ቢቆረጡ ወፉ ጾሙን ያድራል። በእኔ እምነት የዚህ ወፍ ጉዳይ በደኑ ስፋት ብቻ ሊለካ የማይገባው ለዚህ ነው፤ በማሳ ዳርና በወንዝ ዳር ለብቻቸው የቀሩት አሮጌ ሾላዎችም ከመኖሪያው ይቆጠራሉ።

እንጀራም ሆነ ሙዝ አያስቀምጡለት። እንጀራ የዚህ ወፍ ምግብ አይደለም፤ ሙዙን ቢቀምስ እንኳ መሬት መውረድን ይለምድና ለድመትና ለወንጭፍ ይጋለጣል። ይልቁንስ ሾላውን አያስቆርጡት፤ በአካባቢዎ የዝናብ ወቅት መግቢያ ላይም ከእሱ ጠንካራ ቅርንጫፍ ቆርጠው በወንዙ ዳር ይትከሉ፤ ሾላ ከቅርንጫፍ ይበቅላልና። ሥር ሰዶ እስኪጠነክር ድረስ ፍየልና ከብት እንዳይደርሱበት በእሾህ ይጠሩት።