ኮንሶ ለተመደብሽው ልጄ

ባለፈው ሳምንት ማታ ደወልሽልኝ። "ጋሼ፣ ኮንሶ ተመደብኩ። ምን ይዤ ልሂድ?" አልሽኝ። እኔም ሳላስብ "ደህና ጫማ" አልኩሽ። ሳቅሽና ስልኩ ተዘጋ። እኔን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እኔም በአንቺ ዕድሜ የተላክሁት ኮንሶ ነው። ሥራዬም ያው ያንቺው ነበር፤ የአፈርና ውሃ ጥበቃ። አርባ ዓመት ሊሞላው ነው። በጫማ ብቻ መሸኘቴ ደስ ስላላለኝ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ። ገጠር ለመውጣት ተራ የሚጠብቁ ጓደኞችሽም ቢያነቡት አይከፋኝም።

እኔ ስሄድ የያዝኩትን ልንገርሽ። ገመድ፣ ውሃ ልክ፣ የእርከን አሠራር መመሪያ፣ እና አንድ ኩንታል የሚሞላ ትዕቢት። መመሪያው ላይ የእርከኑ ቁመትና ርቀት እንደ ተዳፋቱ መጠን በሠንጠረዥ ተቀምጧል። ትምህርቱንም በጥሩ ውጤት ነው ያለፍኩት። ከአርባ ምንጭ ወደ ደቡብ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ በአቧራ መንገድ ተጓዝን። ጭነት ላይ ነበር የተቀመጥኩት። ወደ ኮንሶ ዋና ከተማ ወደ ካራት ስንቃረብ ቀና ብዬ ተራራውን አየሁ። ከአናቱ እስከ እግሩ እርከን ነው። ማዶውም እርከን። ከማዶው ማዶም እርከን። አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው "ይህን የሠራው የትኛው ፕሮጀክት ነው?" ብዬ ጠየቅሁት። ዘወር ብሎ አየኝና ዝም አለ። እስከ ካራት ድረስ አላናገረኝም።

ለቀባሪው አረዱት የሚባለው ይህ ነው። እርከን ላስተምር የሄድኩት ኮንሶን ነዋ!

አገሩ ደረቅ ነው፤ ድንጋይ ይበዛበታል። በዓመት ሁለቴ ይዘንባል ይባላል፤ ዋናው በልግ ነው፣ ሌላው በመኸር በኩል የሚመጣ አጭር ዝናብ ነው። ሁለቱም ቀጠሮ አያከብሩም። ሲመጣ ደግሞ ባንዴ ወርዶ አፈሩን ይዞ የሚሄድ ነው። እንዲህ ባለ መሬት ላይ ማሽላ አብቅሎ ለመኖር ድንጋዩን ከእርሻው ለቅሞ አፈሩን መያዣ ከማድረግ በቀር ሌላ ዘዴ አልነበረም። 21 ትውልድ፣ ከ400 ዓመት በላይ እንዲህ ሲያደርጉ ኖረዋል። ዩኔስኮ በሰኔ 2003 ዓ.ም. 55 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነውን የኮንሶን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እኔ ግን ከዚያ በፊት በ1979 ዓ.ም. ደርሼ ላሻሽለው አስቤ ነበር።

የመጀመሪያ ዓመት ሥራዬ እንዲህ ሆነ። ያኔ ምግብ ለሥራ የሚባል ነገር ነበር። ገበሬው እርከን ይሠራል፣ በሜትር ይለካለታል፣ ስንዴና ዘይት ይወስዳል። እኔ ገመድ እዘረጋለሁ፣ ውሃ ልኩን አያለሁ፣ ችካል እተክላለሁ። ሰዉ ይክባል። አንዱን ኮረብታ ከጫፍ እስከ ጫፍ ደረደርነው። ሪፖርቴ አማረ፤ አለቆቼም አመሰገኑኝ። ከዚያ በልግ ገባ። አንድ ሌሊት የወረደ ዝናብ የላይኛውን መስመር አንድ ቦታ ላይ ሰበረው። ከዚያ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሦስተኛውን። ጠዋት ስደርስ ኮረብታው እንደ አሮጌ ሸሚዝ ከላይ እስከ ታች ተተርትሯል። ከጎኑ ያለው፣ አያቶቻቸው የካቡት እርከን ግን ውሃውን ጠጥቶ ቁጭ ብሏል።

የእርሻው ባለቤት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። እሳቸው አማርኛ አይናገሩም፣ እኔ አፋ ኾንሶ አልችልም። ልጃቸው ያስተረጉምልናል። "አባት፣ እንደሚፈርስ እያወቁ ለምን አልነገሩኝም?" አልኳቸው። ልጁ መልሱን ሲሰማ መሬት መሬት አየ። "ስንዴው የተሰፈረልን ለመካብ ነው፣ ለመምከር የተሰፈረልን የለም ይላሉ" አለኝ።

ተናድጄ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ከዚያ የበለጠ ቀጥተኛ የፕሮጀክት ግምገማ ሰምቼ አላውቅም።

ሽማግሌው ግን በዚህ አልተዉኝም። ቁጢጥ አሉና ከፈረሰው ክምር አንድ ድንጋይ አነሱ። አገላበጡት። ድንጋይ ፊት አለው፤ የትኛው ወገኑ ወደ ውጭ እንደሚያይ ሳትለዪ አታስቀምጪውም። ትልልቁ ከሥር ይገባል። ካቡ ወደ ተራራው ጋደል ይላል፤ ቀጥ ብሎ ከቆመ አፈሩ ገፍቶ ይጥለዋል። ከኋላው ጠጠር ይሞላል። ጭቃ የለውም፣ ሲሚንቶ የለውም። ውሃው በድንጋዮቹ መሃል እየተጣራ ይወጣል፣ አፈሩ ይቀራል። እኔ ያንን ክፍተት "እንዲጠነክር" ብዬ በአፈር አስጠቅጥቄው ነበር። ውሃው መውጫ ሲያጣ የራሱን መውጫ ሠራ።

እርሻው ውስጥም ሌላ ሥራ አለ። የማሽላ አገዳ ይደረድሩና አፈር ያለብሱታል። መሬቱ በትናንሽ ገበታዎች ይከፋፈላል። የዘነበው ሁሉ በየገበታው ይቆያል። የተረፈው በመውረጃው ወደ ታችኛው እርሻ ይሄዳል። ታችኛው እርሻ ደግሞ ባለቤት አለው። ሳታማክሪው መውረጃውን ብታዞሪ ጠቡ ከአንቺ ጋር ነው።

ያን ቀን ከሰዓት አንድ ሜትር የማይሞላ ካብ ስጠግን ዋልኩ። ሦስቴ አፈረሱብኝ። በአራተኛው ዝም አሉ። ዝምታቸውን እንደ ዲፕሎማ ነው የቆጠርኩት።

አንድ ነገር የገባኝ እዚያ ነው፤ በሥራ ዘመኔ ሁሉ የጠቀመኝም እሱ ነው። እኛ ባለሙያዎች "ስንት ኪሎ ሜትር ተሠራ?" እንላለን። እነሱ "ማን ይጠግነዋል?" ነው የሚሉት። ኮንሶ ውስጥ ያለቀ እርከን የለም። ከብት ይረግጠዋል፣ ዝናብ ይገፋዋል፣ ሥር ይሰነጥቀዋል። በየዓመቱ አንድ ቦታ ይፈርሳል፣ በየዓመቱ ይካባል። የ400 ዓመት ካብ ስትባዪ ድንጋዩ 400 ዓመት ሳይነካ ቆሟል ማለት አይምሰልሽ። ያልተቋረጠው ጥገናው ነው። እኔ ያሠራሁት የፈረሰው በስህተት ስለተካበ ብቻ አይደለም። የማንም አልነበረም። ስንዴው ሲያልቅ ዞር ብሎ የሚያየው ሰው አጣ።

ይህ ጠባይ በከተሞቻቸውም ታይቶኛል። ከተማ ስልሽ ካራትን ማለቴ አይደለም። ፓሌታ የሚሏቸውን ነው፤ ጋሞሌን፣ ዶካቱን፣ ቡሶን። ኮረብታ አናት ላይ በድንጋይ ቅጥር የታጠሩ ናቸው። አንዱ ፓሌታ አንድ ዙር ቅጥር ይኖረዋል፣ ሌላው እስከ 6 ዙር። ሕዝቡ ሲበዛ ከቅጥሩ ውጭ ቤት ይሠራል፣ ቆይቶ ሌላ ቅጥር ይከበዋል። መተላለፊያው ሁለት ሰው በግድ የሚያሳልፍ ነው። ወደ ግቢ ስትገቢ ጎንበስ ማለት አለብሽ። እኔ ረጅም ስለሆንኩ የመጀመሪያውን ወር ግንባሬ በጉብታ አለፈ።

በየሰፈሩ ሞራ አለ። ሞራ አደባባይም ነው፣ ሸንጎም ነው፣ ማደሪያም ነው። እስከ 17 ሞራ ያለው ከተማ አለ። ከፍ ያሉ ወንዶች ልጆች ሌሊት የሚያድሩት እዚያ ነው። ለምን ብትዪ፣ ቤቱ በአብዛኛው የሣር ክዳን ነው፣ ተጠጋግቶም ነው የተሠራው። አንድ ቤት እሳት ከያዘ ከተማው ሊሄድ ነው። ጩኸት ሲሰማ ጎረምሶቹ ከእናታቸው ቤት እየተለቀሙ አይደለም የሚወጡት፤ ባንዴ ከሞራው ይፈሳሉ። በሞራው መሃል ደግሞ ኦላሂታ የሚሉት የረጃጅም እንጨቶች እስር ቆሟል። ትውልድ ለትውልድ ሲያስረክብ፣ ብዙ ቦታ በ18 ዓመት አንዴ፣ አንድ እንጨት ይጨመራል። የሞራውን ዕድሜ በግምት ማወቅ ከፈለግሽ እንጨቶቹን ቁጠሪና በ18 አባዢ። ዳጋ ሄላ የሚባለውንም ድንጋይ ትውልዱ ተሸክሞ አምጥቶ ያቆመዋል። እኛ አገር ድንጋይ ማቆም ሲባል ሁሉም አክሱምን ያስባል። ኮንሶ ግን ድንጋይ ማቆሙን ገና አልተወም።

ሀርዳ የሚባሉ የውሃ ገንዳዎችንም ታያለሽ። በጋራ ተቆፍረው በጋራ ይጠረጋሉ። ደለሉ ሲሞላ ቀን ይቆረጣል፣ ሕዝቡ ይወጣል፣ ጭቃው ይወጣል። የቀረ ሰው ይቀጣል። እኔ ቀርቼ አውቃለሁ፤ እንግዳ ነው ብለው ማሩኝ። በሁለተኛው አልማሩኝም፤ አንድ ማድጋ ጨቃ ከፈልኩ።

ጨቃን ካነሳሁ አይቀር ልንገርሽ። ከማሽላና ከበቆሎ የሚጠመቅ ወፍራም መጠጥ ነው። ከምሳ ይልቅ እሱን የሚመርጡ አሉ። የደቦ ሥራ ያለ ጨቃ አይታሰብም። በቅል ሲሰጡሽ ሙቅ ውሃ ይጨመርበት እንደሆነ ይጠይቁሻል። አዎ በይ። ምሳ ደግሞ ኩርኩፋ ነው፤ የእህሉ ድብልብል ከሽፈራው ቅጠል ጋር የተቀቀለ። በየግቢው የሽፈራው ዛፍ የማታይበት ቦታ ጥቂት ነው። አዲስ አበባ ላይ ዱቄቱን በትንሽ ላስቲክ አሽገው እንደ መድኃኒት ሲሸጡት ሳይ እስቃለሁ።

እስካሁን ያልኩትን ስታነቢ "ጋሼ ኮንሶን እየካቡ ነው" ሳትዪ አትቀሪም። ካብ ካየሁ በኋላ ሰው መካብ አይሆንልኝም። እናም ሌላውንም ስሚ።

ሐውዳ የሚባሉ አሉ፤ ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው። ገበሬው እርሻ የሚቆፍርበትን ብረት ከእነሱ ይገዛል፣ ልጁን ግን አያጋባቸውም ነበር። ነገሩ እየላላ መጥቷል፤ ጠፍቷል ግን አልልሽም። ስብሰባ ስትጠሪ ከኋላ ዝም ብለው የሚቀመጡት እነማን እንደሆኑ ልብ በዪ።

በቅርብ ዓመታት ግጭት ነበር፤ ቤት ተቃጥሏል፣ ሰው ተፈናቅሏል። በ2014 ዓ.ም. ድርቅ ገብቶ ብዙ ቤት ተራበ። እርከን ዝናብን ይይዛል እንጂ አይጠራም። ወጣቱም ሥራ ፍለጋ ይሄዳል። አባትዬው የሚጠግነው ካብ ልጅየው የማያውቀው እየሆነ የመጣበት ሰፈር አለ። በመቃብር ላይ የሚቆመውን ዋካ የሚባል የእንጨት ሐውልት የሚቀርጹትም እጆች አንሰዋል። ከቆሙትም ስንቱ ተሰርቆ ተሸጧል! የተረፉትንና የተመለሱትን ካራት ሙዚየሙ ውስጥ እይያቸው።

የሄደ ሁሉ ግን አልቀረም። ከፖቃላዎቹ፣ ማለትም ከጎሳ አባቶቹ፣ አንዱ ሲቪል ምህንድስና የተማሩ ናቸው። አባታቸው ሲያርፉ ወደ ኮንሶ ተመልሰው ቦታውን ያዙ። አስጎብኚዎች ስለ ፖቃላ ሲነግሩሽ ሬሳው ደርቆ ለ9 ዓመት ከ9 ወር ከ9 ቀን ይቀመጥ እንደነበር ነው የሚያወሩልሽ። ከዚያ ገሠርግዮ ወስደው ዝናብ የቀረጸውን አሸዋ ያሳዩሻል፤ "ኒውዮርክ" ይሉታል፣ ፎቅ ስለሚመስል። ሂጂ፣ እይው፣ ያምራል። ብቻ መሐንዲሱ ፖቃላ ሽምግልና ሲቀመጡ የማየት ዕድል ካገኘሽ ኒውዮርክን ለሌላ ቀን አቆዪው።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። እኔ እዚያ ስኖር አንድ ትልቅ ስህተት ሠርቻለሁ፤ ከፈረሰው ኮረብታም ይብሳል። ሴቶቹን አልጠየቅኋቸውም። ሞራ ስሄድ ወንዶች ናቸው፤ ማስታወሻ ደብተሬ በሙሉ የወንድ ቃል ነው። ከብቱ ግቢ ውስጥ ታስሮ ነው የሚቀለበው፤ ፍጉ ተሰብስቦ እርሻ መድረስ አለበት። በዚያ ቀጭን መንገድ፣ በዚያ ዳገት፣ በጀርባቸው ተሸክመው ሲያልፉ በየቀኑ "ደህና አደራችሁ" ብያለሁ። አረሙም፣ ውሃውም፣ ጨቃውም በእነሱ ትከሻ ነው። የትኛው እርሻ አፈሩ እንደሳሳ፣ የትኛው ፍግ እንደጠማው ከተሸካሚዋ በላይ የሚያውቅ የለም። እኔ ግን አፈር በመሣሪያ ስመረምር ኖርኩ። አንቺ ጨቃው የሚጠመቅበት ጓዳ ትገቢያለሽ። እኔን ማንም አያስገባኝም ነበር፤ ለመግባትም አልጠየቅሁም።

ከአሥር ዓመት በፊት ለሥራ አልፌ ነበር። ያን አንድ ሜትር ካብ ፈለግሁት። ሽማግሌው አርፈዋል። ያኔ ሲያስተረጉም ያፈረው ልጅ ፀጉሩ ሸብቷል። "የኔ ካብ የታለ?" አልኩት። ሳቀ። "ከዚያ ወዲህ ሁለቴ ተክቧል፣ ጋሼ" አለኝ። "ከድንጋዮቹ አንዳንዱ ያው ነው።" ከዚያ ጎንበስ ብሎ አንዱን በእግሩ መታ መታ አደረገና "ይኼኛው አስቸጋሪ ነው፣ ሁሌም ይወጣል" አለ።

እና ልጄ፣ ከቻልሽ ከየካቲት በፊት ድረሺ። ካብ የሚጠገነው ዝናቡ ሳይገባ ነው፤ ዘግይተሽ ከደረስሽ ሰው ሁሉ ዘር ላይ ነው፣ የሚያናግርሽ አታገኚም። ገበያው ሰኞና ሐሙስ ነው። አንድ ጓንት ያዢ፤ ድንጋዩ እጅ ይልጣል። ውሃ ልኩንም ያዢው። ጫማውን አትርሺ።