ለወጣት ላይብረሪያኖች፦ ተማሪው ሲቸገር ድረሱለት

አንዲት ወጣት ባልደረባ ሰሞኑን «ጋሼ፣ ተማሪው ሁሉን ነገር ቻትጂፒቲን ነው የሚጠይቀው። የላይብረሪ ኦረንቴሽን ከእንግዲህ ምን ይሠራል?» አለችኝ። ጥያቄዋ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

እኔ ስጀምር ዘመኑ የካርድ ካታሎግ ነበር፤ እያንዳንዱ መጽሐፍ በወረቀት ካርድ ይመዘገባል። መስከረም ላይ ፍሬሽማኖቹን ሰብስበን እናዞራቸዋለን። ሪሰርቭ፣ ማለትም በጣም የሚፈለጉት መጻሕፍት ያሉበት ክፍል፣ እዚህ ነው፣ መጽሐፍ የሚወጣው እዚያ ነው እንላለን። የመመረቂያ ጽሑፍ ሲደርስ ግን የሚያስታውሰው የለም።

አንድ የታሪክ ተማሪ ነበር፤ የእኛን ካርዶች አሳምሮ ያውቃል። እኛ ኢትዮጵያዊ ደራሲን የምናስቀምጠው በራሱ ስም ነው። የታሪክ ምሁሩን ባሕሩ ዘውዴን «ባሕሩ» ብሎ የፈለገ ያገኛቸዋል። የውጭ አገር ኢንዴክስ (የጥናት ጽሑፎች ማውጫ) ግን ብዙ ጊዜ «ዘውዴ» ሥር ይከታቸዋል። ይህን ለልጁ የነገረው አልነበረም። የሚፈልጋቸውን አጥኚዎች እዚያም በየራሳቸው ስም ፈለገ፣ አጣቸው። «በዚህ ርዕስ የተጻፈ ነገር የለም» ብሎ ጻፈ። ፈታኙ የተጻፉትን አንድ በአንድ ቆጠሩለት።

ከሰዓት በኋላ እኔ ጋ መጣ። በአባት ስም አብረን ፈለግን። ተከታትለው ወጡ። ዝም ብሎ አያቸውና «ይሄን ለምን ቀድማችሁ አልነገራችሁንም?» አለኝ። ተመረቀ፤ ሊገፋበት ያሰበውን ርዕስ ግን ተወው። ያ ጥናት ሳይጻፍ መቅረቱ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ካርዶቹን በታይፕ የሚመቱ አንዲት እናት ነበሩን። አንድ ፊደል ከሳቱ ካርዱን ጥለው እንደ አዲስ ይጀምሩ ነበር። ያ ጥንቃቄ ይናፍቀኛል።

የስሙ ጣጣ ዛሬ የጥናት ጽሑፍ በሚፈለግበት በጉግል ስኮላር ላይም አለ። ስለዚህ የመስከረሙን ዙረት ተዉትና ተማሪው የራሱን ርዕስ ይዞ ሲጨነቅ ያን ጊዜ አስተምሩት። በያዘው ስልክ ይሁን፤ ኮምፒውተር ክፍል አትጠብቁ። ቻትጂፒቲንም አትከልክሉ። የሌለ ጽሑፍ ከነደራሲው ፈጥሮ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። የሰጣቸውን የምንጭ ዝርዝር ይዘው ይምጡና አንድ በአንድ አብራችሁ ፈልጉ። ለጤና ተማሪዎች ሂናሪ የሚባለውን የኦንላይን አገልግሎት አሳዩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ያስጀመረው ነው፤ ተቋማቸው ከተመዘገበ ውድ ጆርናሎችን ያለ ክፍያ ያነባሉ።

የዛሬ ልጆች ችኩል ናቸው፤ የፍለጋውን ሁለተኛ ገጽ አይከፍቱም። ያገኙትን ፒዲኤፍ ግን በቴሌግራም ለሁሉም ይበትናሉ። በእኛ ጊዜ ለፈተና የሚፈለግ መጽሐፍ ሌላ መደርደሪያ ውስጥ ይደበቅ ነበር።

ዙረቱን ተዉ አልኩ እንጂ፣ ከገጠር ለመጣና ላይብረሪ ገብቶ ለማያውቅ ልጅ በሩን የሚያሳየው ሰው ያስፈልገዋል። ለእሱ ሲባል ይቆይ።

መምህራኑን ሴሚስተሩ ሳይጀመር አንድ ክፍለ ጊዜ ለምኗቸው። እምቢ ካሉ የተማሪዎቹ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ግቡ። ማስረከቢያው ሲቃረብ ጥያቄው የሚመጣው እኩለ ሌሊት ላይ ነው።